ጫሞ ላይ ጀልባ ከመሳፈር በፊት

የዓመት ዕረፍት ሲቃረብ በብዙ ሠራተኛ ቤተሰብ ዘንድ የሚነሣው ጥያቄ «ልጆቹን የት እንውሰዳቸው?» የሚል ነው። ዛሬ ለአገራችን የከተማ ነዋሪ የውሃ ዳር ዕረፍት ማለት የሐይቅ ዳር ዕረፍት ማለት በመሆኑ፣ ከሚታሰቡት ስፍራዎች አንዷ አርባ ምንጭ ናት። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ይህች የጋሞ ዞን ከተማ፣ በደለል ብዛት ቀላ ብሎ የሚታየውን አባያንና ከእርሱ ጠራ ያለውን ጫሞን ቁልቁል እየተመለከተች ተቀምጣለች። ሁለቱን ሐይቆች የሚለየው ኮረብታማ መሬት «የእግዜር ድልድይ» ይባላል።

ወደ አርባ ምንጭ የወረደ ቤተሰብ ጫሞ ላይ በጀልባ ሳይንሸራሸር ለመመለስ አይወድም። ይህም አያስደንቅም። ኩልፎ ወንዝ ወደ ሐይቁ በሚገባበት አካባቢ፣ በነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ ክልል ውስጥ፣ «የአዞ ገበያ» በተባለው ዳርቻ ግዙፍ አዞዎች አፋቸውን ከፍተው ፀሐይ ሲሞቁ ይታያሉ። ጉማሬዎች ጠልቀው ብቅ ይላሉ፤ ዓሣ አጥማጆች መረባቸውን ይስባሉ። አዞን በመጽሐፍ ሥዕል ብቻ ለሚያውቅ የከተማ ልጅ ይህ ትልቅ ትምህርት ነው።

ይሁን እንጂ አባያና ጫሞ እንደ መዋኛ ገንዳ የሚቀርቡ ውሃዎች አይደሉም። በ2010 ዓ.ም. ግንቦት ወር፣ በአርባ ምንጭ አጠገብ በአባያ ዳር ምእመናንን በማጥመቅ ላይ የነበሩ አንድ ፓስተር በአዞ ተይዘው ሕይወታቸው ማለፉ በአገር ውስጥም በውጭም ተዘግቧል። አደጋው የደረሰው ብዙ ሰው በተሰበሰበበት፣ በጠዋት፣ ከዳር ብዙ ሳይርቅ ነበር። ስለዚህ ልጆች እግራቸውን ለመታጠብ እንኳ ወደ ውሃው መጠጋት የለባቸውም።

ጀልባውን በተመለከተ ትልቁ ችግር ይሉኝታ ነው። ቤተሰቡ ሩቅ መንገድ ተጉዟል፤ ገንዘብ ተከፍሏል፤ ልጆቹ ቸኩለዋል። እናት የተንሳፋፊ ሰደርያው ቁጥር እንደሚያንስ ብታይም «ጉዞውን አበላሸች» እንዳትባል ዝም ትላለች። አባትም «ለአንድ ሰዓት ምን ይሆናል?» ይላል። ጀልባው ከዳር ከተለየ በኋላ ግን የሚነሣ ጥያቄ ዋጋ የለውም። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እንደሚባለው፣ ሁሉም በደረቅ መሬት ላይ መጠየቅና መወሰን አለበት።

ምን ምን እንጠይቅ?

አንደኛ፣ ጀልባውን ከማን እንደምንከራይ እንወቅ። በማኅበር ከተደራጁ ባለጀልባዎች ጋር መዋዋል መንገድ ላይ ከሚያገኙት ደላላ ጋር ከመዋዋል ይሻላል። ቀብድ የሚከፈል ከሆነ ደረሰኝ መቀበል ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፣ ዋጋው ለጠቅላላው ጀልባ ነው ወይስ በነፍስ ወከፍ? ለስንት ሰዓት ነው? ነዳጁ፣ አስጎብኚውና የፓርኩ መግቢያ ተጨምረዋል ወይስ ለየብቻ ይከፈላሉ? ነፋስ ተነሥቶ ጉዞው ቢቀር ገንዘቡ ይመለሳል? ከጉዞ በኋላ ከሚነሣ ጭቅጭቅ የሚያድነው ይህ ነው።

ሦስተኛ፣ ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ አንድ ሰደርያ መኖሩን በዓይናችን አይተን እንቁጠር። የአዋቂ ሰደርያ ለልጅ አይሆንም፤ ልጁ ውሃ ውስጥ ቢወድቅ በራሱ ላይ ሾልኮ ይወጣል። ልጁን አልብሰን ማሰሪያውን ከቆለፍን በኋላ ከትከሻው ላይ ወደ ላይ ሳብ እናድርገው፤ እስከ ጆሮው ከወጣ ሰፊ ነው ማለት ነው።

አራተኛ፣ ሕፃን በአንቀልባ አዝሎ ጀልባ መሳፈር አይገባም። እናቲቱ ሰደርያውን በደንብ ልትታጠቅ አትችልም፤ አደጋ ቢደርስም የታሰረውን ሕፃን ፈትቶ ለማዳን ጊዜ አይኖርም። ልኩ የሆነ ሰደርያ ያልተገኘለት ሕፃን ከአንድ ዘመድ ጋር ሆቴል ቢቆይ የሚቀርበት ነገር የለም።

አምስተኛ፣ የጀልባው ነጂ «ነፋሱ አላማረኝም» ካለ አንከራከረው። ሰፊ ሐይቅ በአጭር ጊዜ ማዕበል ያነሣል። ወደ አዞ ወይም ወደ ጉማሬ እንዲጠጋልን ጉርሻ ጨምረን አንገፋፋው። በተለይ ግልገል ያላት ጉማሬ ጀልባ ልትገለብጥ ትችላለች። ልጆችም ፎቶግራፍ ለማንሣት በአንድ ወገን አይቁሙ፤ እጃቸውንም ወደ ውሃ አይስደዱ።

ዓሣ ለማጥመድ ለሚፈልጉ

በጫሞ ቆሮሶ፣ አምባዛና ናይል ፐርች ይገኛሉ። ናይል ፐርች በአመቺ ውሃ ውስጥ እስከ 200 ኪሎ ሊመዝን የሚችል ብርቱ ዓሣ ነው። በመንጠቆ ለማጥመድ የሚሻ ሰው አስቀድሞ የፓርኩን ጽሕፈት ቤትና የአካባቢውን የዓሣ ሀብት ባለሙያዎች ስለ ፈቃድ መጠየቅ አለበት፤ አገሪቱ ስለ ዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም በ1995 ዓ.ም. ያወጣችው አዋጅ ቁጥር 315 አለ። የማጥመዱ ጉዞ ከልጆቹ ሽርሽር ተለይቶ ለአዋቂዎች ብቻ ቢሆን ይመረጣል፤ የመንጠቆ ክርና የሚሯሯጥ ልጅ በአንድ ጀልባ ላይ አይስማሙምና።

ጀልባ ያልተሳፈረም ከዓሣው አይጎድልም። ትኩስ ዓሣ ዓይኑ የጠራ፣ ስንጥቡ ቀይ፣ ሥጋው በጣት ሲጫኑት ተመልሶ የሚነሣ ነው። ጥብሱን በዳጣ መብላት የአገሩ ወግ ነው። ያላደጉ ትንንሽ ዓሦችን ግን አንግዛ፤ ሳይራቡ የሚያዙ ዓሦች የነገውን አጥማጅ ኑሮ ያሳጣሉ። በጫሞ ናይል ፐርች ከመጠን በላይ በመጠመዱ መመናመኑን አጥኚዎች መዝግበዋል።

በመጨረሻም ቆላ መሆኑን አንዘንጋ። በአካባቢው ወባ ስላለ፣ በተለይ ነፍሰ ጡር እናቶችና ሕፃናት ከመነሣታቸው በፊት የጤና ባለሙያ ያማክሩ፤ ሌሊትም አጎበር ውስጥ ይተኙ። ከተመለሱ በኋላ ትኩሳት የያዘው ልጅ ቢኖር ሳይዘገይ ደሙ ይመርመር፤ ከየት እንደመጣም ለሐኪሙ ይነገር።

ጫሞን ማየት የሚያስደስት ነገር ነው። ሰደርያ ከጎደለ፣ ጀልባው ከተጨናነቀ ወይም ነፋሱ ከበረታ ግን «ዛሬ አንሳፈርም» ማለት ነውር የለበትም። ከከተማዋ ሥር የሚፈልቁት ምንጮች አሉ፤ ጨንቻ ወጥቶ የዶርዜን ሸማኔዎች ማየት አለ። ሐይቁም ነገ በዚያው ይገኛል።