የባለሰማያዊ ጢሙ ሚስቶች

ፈረንሳዊው ሻርል ፔሮ እ.ኤ.አ. በ1697 ባሳተመው የተረት መጽሐፍ ውስጥ፣ ከሲንደሬላ ጎን፣ ልጆችን ለማስተኛት የማይሆን አንድ ተረት አለ። ጢሙ ሰማያዊ የሆነ ሀብታም ለአዲሷ ሚስቱ የቤቱን ቁልፎች ሁሉ ያስረክብና መንገድ ይወጣል፤ አንዲትን ትንሽ ክፍል ግን እንዳትከፍት አስጠንቅቆ ነው። ትከፍታለች። የቀድሞ ሚስቶቹን ሬሳ ታያለች። ቁልፉ ከእጇ ወድቆ ደም ይነካዋል፤ ብታጥበው ብትፈትገው አይለቅም። ሰውየው ተመልሶ አንገቷን ሊቀላ ሲል ወንድሞቿ ደርሰው ይገድሉታል።

ፔሮ ከተረቱ በታች በግጥም ያሰፈረው የመጀመሪያ ምክር ስለ ነፍሰ ገዳዩ አንድም ቃል የለውም፤ የሴት ጉጉት ጸጸት ያመጣል ነው የሚለው። ያ ሁሉ ሬሳ ተደርድሮ ጥፋተኛዋ በር የከፈተችው ሆነች! የድሮ ተረቶችን በሴቶች ዓይን እንደገና የሚተርኩ ደራሲያንና አዘጋጆች ወደዚህ ተረት ደጋግመው ቢመለሱ አይገርምም።

እንግሊዛዊቷ አንጄላ ካርተር እ.ኤ.አ. በ1979 ባወጣችው አጭር ልቦለድ ወንድሞቹን አስቀርታ እናትን አመጣች። እናትየዋ በፈረስ ጋልባ ትደርስና በሟች ባሏ ሽጉጥ አማቿን ትጥለዋለች። አንጀት ያርሳል። ነገር ግን አዳኙን ከወንድ ወደ ሴት መቀየር የሥራው ቀላሉ ክፍል ነው፤ መድረክ ከዚህ የከበደ ነገር ማሳየት ይችላል።

ጀርመናዊቷ ፒና ባውሽ እ.ኤ.አ. በ1977 ቩፐርታል ከተማ ላይ ያሳየችው የዳንስ ቲያትር ለዚህ ምስክር ነው። መነሻዋ ሃንጋሪያዊው ቤላ ባርቶክ በዚሁ ተረት ላይ የሠራው ኦፔራ ነው። እሷ ግን ኦርኬስትራም ዘፋኝም መድረክ ላይ አላወጣችም፤ ያቀረበችው ቴፕ ነው። ወለሉን ደረቅ ቅጠል ሞልቶታል፤ ማንም ሳይንኮሻኮሽ መራመድ አይችልም። ሰውየው ቴፑን ይከፍታል፣ መሬት ወደተኛችው ሴት ይሮጣል፣ ተመልሶ ያቆመዋል፣ ያጠነጥነዋል፣ ያንኑ ዜማ ደግሞ ያሰማል። አሁንም ይደግመዋል። ተመልካች ይሰለቻል፤ መሰልቸቱም ሳይታሰብበት የመጣ አይደለም። ዜማውን የሚያስኬደውም የሚቆርጠውም አንድ እጅ ብቻ ስለሆነ፣ በዚያ ቤት ሥልጣን የማን እንደሆነ ያለ ንግግር ይታያል። ወንዶቹ ዳንሰኞች ራቁታቸውን ለመሆን ትንሽ ሲቀራቸው ጡንቻቸውን እያበጡ ለሴቶቹ ያሳያሉ፤ ያስቃል፣ ያሳፍራልም። ወደ መጨረሻው ሰውየው ለሚስቱ ቀሚስ በቀሚስ ላይ ይደርብባታል፤ ከብዛቱ የተነሳ መንቀሳቀስ ያቅታታል።

እንግሊዛዊቷ አዘጋጅ ኤማ ራይስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2024 ተረቱን በዘፈንና በቀልድ አቀረበችው። የቡድኗን ስም «ዋይዝ ቺልድረን» ያለችው ከካርተር የመጨረሻ ልቦለድ ወስዳ ነው። በራይስ ተውኔት ተራኪዎቹ ሴት መነኮሳት ናቸው፤ ከጥንቱ ተረት ጎን ለጎንም ማታ ወደ ቤቷ ስትሄድ የተገደለች የዛሬ ዘመን ወጣት ታሪክ ይሄዳል። ይህቺ ወጣት የከፈተችው የተከለከለ በር የለም፤ የፔሮን ምክር ለእሷ ማን ይነግራታል?