ዲግሪው የልጄ፣ ዕዳው የእኔ

ይህን የምጽፍላችሁ ከቨርጂኒያ፣ ከአሌክሳንድሪያ ከተማ ነው። የምሠራው መኪና ማቆሚያ ውስጥ ነው፤ እዚህ ያለን ሐበሾች በአጭሩ «ፓርኪንግ» እንለዋለን። ባለቤቴ ሆስፒታል ውስጥ በጽዳት ትሠራለች። አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ አሉን። ከወንዱ ልጄ ጋር ስምንት ወር ሙሉ በቅጡ ሳንነጋገር ከረምን። ምክንያቱ መጠጥ አይደለም፣ ሴትም አይደለም። ፖለቲካል ሳይንስ ነው ብላችሁ ትስቁብኝ ይሆናል!

ነገሩ የጀመረው በ2016 ነው (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። ልጁ ሃይስኩል ሲጨርስ ከክፍለ ግዛታችን ውጭ ያለ ስመ ጥር የግል ዩኒቨርሲቲ ተቀበለው። የዚያን ቀን የቤታችንን እልልታ አታንሱት። እኔ ባደግሁበት ዘመን ፖለቲካ የነካ ልጅ መጨረሻው የት እንደሆነ ወላጅ ሁሉ ያውቅ ነበር፤ የእኔ ልጅ ግን ፖለቲካን ተምሮ ዲግሪ ሊጭንበት ነው!

ልጁም ቁጥር ይዞ መጣ። «አባዬ፣ ፖለቲካል ሳይንቲስት በዓመት ከመቶ ሺህ ዶላር በላይ ነው የሚያገኘው፤ መንግሥት ራሱ ያወጣው ነው» አለኝ። አልዋሸም። የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ የሚያወጣው መካከለኛ ደመወዝ በ2023 ከ130 ሺህ ዶላር በላይ ነበር። እኛ ያላነበብነው ከቁጥሩ ሥር ያለውን ነው። በዚያ የሥራ መጠሪያ የተቀጠሩት በመላው አሜሪካ ተለቅመው 7 ሺህ አይሞሉም፤ ለመቀጠርም ብዙውን ጊዜ ማስተርስ ወይም ዶክትሬት ይጠየቃል። የመጀመሪያ ዲግሪውን ብቻ ይዞ የወጣው ልጅ ታዲያ የት ይገባል? አንዱ የምክር ቤት አባል ቢሮ ስልክ ያነሳል፣ ሌላው በጎ አድራጎት ድርጅት ይገባል፣ ሌላው ኢንሹራንስ ይሸጣል። ሥራ የለም ማለቴ አይደለም። ያ ደመወዝ ግን የእነሱ አይደለም።

ጉዱ ያለው ፊርማው ላይ ነው

የፌዴራሉ መንግሥት ለተማሪው በራሱ ስም የሚያበድረው በልክ ነው። በወላጁ ሥር ያለ ተማሪ በአንደኛ ዓመት 5,500፣ በሁለተኛ 6,500፣ በሦስተኛና በአራተኛ ዓመት 7,500 ዶላር፤ ባጠቃላይ 27 ሺህ። ትምህርት ቤቱ ከዚያ በላይ ካስከፈለስ? ያኔ «ፓረንት ፕላስ» የሚባል ብድር ለወላጅ ይቀርባል። አንድ ወዳጄ ለቅሶ ቤት ተቀምጠን «ግድ የለም፣ ሲመረቅ ወደ ስሙ ይዞርለታል» አለኝ። አመንኩት። አይዞርም! ያ ብድር በመንግሥት ዘንድ የወላጁ ዕዳ ብቻ ነው፤ ልጁ በሕግ አንድ ሳንቲም የለበትም።

በየዓመቱ 15 ሺህ፣ ባራት ዓመት 60 ሺህ ዶላር ፈረምኩ። ወለዱ እንደየዓመቱ ከ6.31 እስከ 7.60 በመቶ ነበር፤ መቆጠር የሚጀምረውም ገንዘቡ ከወጣ ቀን አንስቶ ነው። በማርች 2020 መንግሥት በኮሮና ምክንያት ወለዱንም ክፍያውንም ሲያቆም ዕዳዬ 68 ሺህ ደርሶ ነበር። ሦስት ዓመት ተኩል እፎይ አልን። በኦክቶበር 2023 ክፍያው ሲመለስ በወር 790 ዶላር ገደማ ክፈል የሚል ቢል መጣልኝ። ቁጭ አልኩ።

ልጄ ለተከራዮች መብት በሚሟገት በጎ አድራጎት ድርጅት ተቀጥሮ በዓመት 48 ሺህ ዶላር ያገኛል። ለሱ የራሱ 27 ሺህ መውጫ አለው። በ2007 በወጣ ሕግ መሠረት፣ ለመንግሥት ወይም ለትርፍ ለማይሠራ ድርጅት እየሠራ 120 ወርኃዊ ክፍያ በደንቡ ከከፈለ የቀረው ይሰረዝለታል። እኔም «እንግዲያው የኔም በሱ ሥራ ይሰረዛል» ብዬ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ልጅ «አንተ የት ነው የምትሠራው?» አለችኝ። የግል የፓርኪንግ ኩባንያ አልኳት። የሚታየው የተበዳሪው መሥሪያ ቤት ነውና አይመለከትህም አለችኝ።

ባለቤቴ የምትሠራበት ሆስፒታል ለትርፍ የቆመ አይደለም። ያን ጊዜ የፈረመችው እሷ ብትሆን ኖሮ፣ ብድሩ ወደ ሌላ ዓይነት ተዛውሮ እንደ ገቢያችን እየተከፈለ፣ ካሥር ዓመት በኋላ የቀረው ሊሰረዝ ይችል ነበር። እኔ የፈረምኩት ግን ኮምፒውተሩ አጠገብ የተቀመጥኩት እኔ ስለነበርኩ ብቻ ነው።

ልጁን «ክፈል» አልኩት። «አባዬ፣ እኔ መቼ ፈርምልኝ አልኩህ? የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ» አለኝ። ስምንቱ ወር የመጣው ከዚህች ንግግር ነው። በኋላ አንድ ጋሼ የምንላቸው ሽማግሌ ለፋሲካ አስቀምጠው አስታረቁን። አሁን በየወሩ 300 ዶላር ይልክልኛል። ከኪራዩና ከታክሱ ተርፎት እንዳይመስላችሁ።

አሁን ደግሞ ሴቷ ልጄ መጣች። ምን ልትማር? ፖለቲካል ሳይንስ! እናቷ «አፈር ስሆንልሽ፣ ነርሲንግ ተማሪ» ብላ ለመነቻት። እኔ በዚህ አልተባበርኳትም። ትምህርቱ ምን በደለን? የበደለን የተገዛበት ዋጋ ነው።

ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ኮምፒውተር ከፍተን የትምህርት ሚኒስቴሩን «ኮሌጅ ስኮርካርድ» አየን። ከ2015 ጀምሮ ያለ ነው። የእያንዳንዱን ትምህርት ቤት፣ በእያንዳንዱ የትምህርት ዓይነት፣ ተመራቂዎቹ የሚያገኙትንና ተበድረው የወጡትን ያሳያል። የሚቆጥረው የፌዴራል እርዳታ ወይም ብድር ያገኙትን ተማሪዎች ብቻ መሆኑን አትርሱ። አማካሪዎች ጠቅላላ ዕዳው ከመጀመሪያው ዓመት ደመወዝ አይብለጥ ይላሉ። እኔ በዚያ ዕዳ ላይ የወላጁንም ደምሩበት እላለሁ። ሁለቱን ደምረን ብናየው የወንድሟ ወደ መቶ ሺህ ይጠጋ ነበር።

«ከዚያ ሕግ እማራለሁ» አለች። መልካም፤ እሱ ደግሞ ሌላ ሦስት ዓመት፣ ሌላ ብድር ነው። በዚያ ላይ በ2025 የወጣው ሕግ ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ አዲስ ለሚበደር ወላጅ በአንድ ልጅ በዓመት 20 ሺህ፣ ባጠቃላይ 65 ሺህ ዶላር ገደብ አበጅቷል። እንደ ገቢ መጠን የሚከፈልበትን አማራጭም ለአዲስ ወላጅ ተበዳሪዎች ዘግቷል።

በመጨረሻ ሁለት ዓመት እዚሁ የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሌጅ፣ «ኖቫ» በምንለው፣ ከቤቷ እየተመላለሰች ልትማርና ከዚያ ወደ ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ልትዛወር ተስማማን። ብትበደርም በስሟ፣ በዚያችው ልክ። እኔ አልፈርምም።

ሁለት ቀን አለቀሰች። ርቃ መሄድ ነበር የፈለገችው፤ ጓደኞቿ ሁሉ ሄደዋል። የተቀበላት ዩኒቨርሲቲ የላከው ደብዳቤ ፍሪጁ ላይ እንደተለጠፈ ነው። እሷም አላነሳችውም፣ እኔም አልነካሁትም።