28 በመቶ ያገኘ የዳንስ ፊልም ወድቋል ማለት ነው?

ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ ያለ አንድ ወጣት «ስቴፕ አፕ 2»ን ከጓደኛው በፍላሽ ከመቀበሉ በፊት ስለ ፊልሙ ስልኩ ላይ ቢፈልግ ቀድሞ ዓይኑ ውስጥ የሚገባው ቁጥር ነው፤ 28 በመቶ አካባቢ። ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ግማሹን ማምጣት ግዴታ በሆነበት አገር ለሚማር ልጅ የዚህ ቁጥር ትርጉሙ አንድ ነው፦ ወድቋል።

ቁጥሩ ግን የፈተና ውጤት አይደለም። ቁጥሩን የሚያወጣው ሮተን ቶሜቶስ የተባለው ድረ ገጽ ራሱ ፊልም አይገመግምም። የሃያስያንን ጽሑፍ ይሰበስብና «ወዶታል» እና «አልወደደውም» ብሎ ለሁለት ይከፍለዋል። መቶኛው ከሁሉም መካከል የወደዱት ድርሻ ነው፤ ምን ያህል እንደወደዱት አይናገርም።

ዐሥር ሃያስያን አሉ እንበል። ሦስቱ ፊልሙን ወደውት ከ10 ውስጥ 7 ሰጡት። ሰባቱ ደግሞ «ዳንሱ ግሩም ነው፣ ታሪኩ ግን የተሰለቸ» ብለው 5 ሰጡት፤ እነዚህ «አልወደዱትም» ተብለው ተቆጠሩ። መቶኛው 30 ይሆናል። ነጥቡን ደምረን ለዐሥር ብናካፍለው ግን 5.6 ይመጣል። ከ5 በታች የሰጠ አንድም ሰው የለም! ሜታክሪቲክ የሚባለው ሌላው መዛኝ የሚሠራው በአማካይ ስለሆነ ለ«ስቴፕ አፕ 2» የሰጠው 50 አካባቢ ነው።

በመቶኛው አቆጣጠር ከሁሉም በላይ የሚጎዳው የዳንስ ፊልም ይመስለኛል፣ በተለይ ክፍል ሁለት ሲሆን። በ2008 (እ.ኤ.አ.) የወጣው «ስቴፕ አፕ 2» የመጀመሪያውን ክፍል ጥንዶች ትቶ ባልቲሞር ውስጥ አዲስ ቡድን ይዞ ተነሣ። ታሪኩ ግን ያው ነው፤ የጎዳና ዳንሰኛዋ ልጅ የጥበብ ትምህርት ቤት ትገባለች፣ ከድሮ ጓደኞቿ ትጋጫለች፣ መጨረሻ ላይ ውድድር አለ። ሃያስያኑ ይህን መንቀፋቸው ትክክል ነው። ሆኖም በዝናብ የሚደንሱበትን የመጨረሻ ትዕይንት ያደነቀ ጽሑፍ እንኳ ድምር ፍርዱ «አይሆንም» ከሆነ አድናቆቱ ከመቶኛው ውስጥ ቦታ አያገኝም። ተመልካቹ በበኩሉ የመጣው ለዳንሱ ነበር። 17.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የወጣበት ፊልም በመላው ዓለም ወደ 150 ሚሊዮን አስገባ።

ስለዚህ ቁጥሩን ትቶ ጽሑፉን መክፈት ይሻላል። ሃያሲው ስለ ዳንሱ የጻፈውን ዐረፍተ ነገር ፈልጉ። ካሜራው ዳንሰኛውን ከራስ እስከ እግር ያሳያል? አንዱ ምስል ሳይቆረጥ ስንት ሰከንድ ይቆያል? ሠርግ ላይ ጭፈራ ቆሞ ያየ ሰው ይህ ለምን እንደሚያስፈልግ ያውቃል፤ እግሩና ትከሻው ካልተስማሙ ጨፋሪው ወዲያው ይታወቅበታል። በየሰከንዱ የሚቆራረጥ ፊልም ግን ያንን ይደብቃል፤ ደካማውን ዳንሰኛ ያድነዋል፣ ጎበዙን ይበድለዋል። የሆሊውዱ ዳንሰኛ ፍሬድ አስቴር በ1930ዎቹ ሙሉ ሰውነቱ እንዲታይ፣ ዳንሱም በተቻለ መጠን ሳይቆረጥ እንዲቀረጽ አጥብቆ ይጠይቅ የነበረው ለዚህ ነው።

የክፍል ሁለቱ ዳይሬክተር ጆን ኤም. ቹ የመጀመሪያ ረጅም ፊልሙ ይኸው ነበር። በ2010 ክፍል ሦስትን ሲሠራ ሙስ እና ካሚል የሚባሉትን ወጣቶች ኒው ዮርክ መንገድ ላይ በአስቴር ዘፈን አስደነሳቸው፤ ካሜራውም ሳይቆርጥ ተከተላቸው። ሮተን ቶሜቶስ ላይ ይህኛው ከ40 በመቶ በላይ አገኘ፤ አሁንም በድረ ገጹ መስፈርት «የበሰበሰ» ከሚባሉት ወገን ነው።