ሰንደቅና ዓላማ በቡና አገር

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጅማና በቦንጋ በኩል 560 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ ሚዛን ተፈሪ የገባ መንገደኛ፣ ወሩ ኅዳር ከሆነ፣ አገሩ በሙሉ አንድ ሥራ ብቻ የያዘ መስሎ ይታየዋል። በሸዋ ቤንች መንደሮች፣ በበበቃና በቴፒ ሰፋፊ እርሻዎች፣ በየጓሮው ጥላ ዛፍ ሥርም ሳይቀር፣ ትልቅ ትንሽ ሳይባል ሰው ሁሉ ቅርጫቱን ይዞ የቀላውን እሸት ቡና ካልቀላው እየለየ ሲለቅም ይውላል። ዓመቱን ሙሉ ብር ያልነካ እጅ ብር የሚቈጥረው በዚህ ወራት ነውና፣ ቤቱን ቆርቆሮ ለማልበስ ያሰበውም፣ ልጁን ለመዳር የቀጠረውም፣ ብድር ያለበትም፣ ሁሉም ነገሩን ያሳደረው «ቡና ሲደርስ» በምትባል አንዲት ቃል ላይ ነው።

ልብ ብሎ ለተመለከተው ግን ከዚህ ግርግር ይልቅ የሚያስደንቀው ሌላ ነገር ነው። ገንዘብ እንደ ክረምት ጎርፍ በሚመጣበት በዚሁ ወር፣ ኅዳር 15 ቀን፣ ጾመ ነቢያት ይገባና እስከ ልደት ዋዜማ ከአርባ ቀን በላይ ይቆያል። ሥርዓቱን የደነገጉት አበው ስለ ቤንች ቡና አንዳች ያሰቡት ነገር እንደሌለ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ዘመነ ለቀማና ዘመነ ጾም በአንድነት በመዋላቸው፣ ኪሱ የሞላ ሰው ከሥጋ ቤቱ ደጃፍ ሳይቆም የሚያልፍበት ወራት ተገኘ። እጁ በሞላ ጊዜ አፉን መግታት የተማረ ሰው እጁንም መግታት አያቅተውም፤ ወይም፣ ነገሩን ላለማጋነን፣ ካልተማረው ሰው ይልቅ ይቀልለዋል። ወንጌላውያኑ ምእመናን በዚህ ቀን አቈጣጠር ባይሄዱም እነርሱም የጾም ጸሎት ጊዜ አላቸው፤ ስለዚህ የምናገረው ለአንዱ ወገን ብቻ አይደለም።

በዘመናችን ስለ ግል ዓላማ የሚሰጠው ትምህርት፣ አዳራሽ ተከራይቶ በድምፅ ማጉያ የሚነገረው ማለቴ ነው፣ ከባሕር ማዶ የመጣ አዲስ ጥበብ ይመስላል፤ ነገሩ ግን በቃላችን ውስጥ ተሰውሮ ኖሯል። ዓላማ ማለት ምልክት ነው፤ ከሩቅ እንዲታይ ከፍ ብሎ የሚሰቀለውም ጨርቅ ዓላማ ተባለ፤ ጨርቁን የሚሸከመው ዘንግ ደግሞ ሰንደቅ ነው። ሁለቱን ቃላት አስተባብረን ሰንደቅ ዓላማ እያልን ስንጠራ፣ ዓይናችን ቀለሙን እንጂ ዘንጉን አያይም። ምኞት የሌለው ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም፤ ምኞቱን ተሸክሞ በኅዳር ከተናገረበት ቀን ጀምሮ የሐምሌንና የነሐሴን ዝናብ የሚያሻግር ዘንግ ያለው ሰው ግን ብርቅ ነው። ዘንጉንም አበው ተግሣጽ ይሉታል።

የአገራችን ክርስቲያን ከጥንት ጀምሮ ምኞቱን በዘንግ ላይ የሚያወጣው በስእለትና በብፅዓት ነው። ስእለት ሰአለ፣ ለመነ፣ ከሚለው የግእዝ ግስ የወጣ ነውና ከልመና ጋር የተዛመደ ነው፤ ብፅዓት ግን ራስን ወይም የራስ የሆነውን ለይቶ ለእግዚአብሔር መስጠት ነው፤ የሳሙኤል እናት ሐና ገና ያልፀነሰችውን ልጅ ለቤተ መቅደስ እንደ ሰጠችው ማለት ነው። «የዛሬ ዓመት በዚህ በዓል» ብሎ በታቦቱ ፊት የተናገረ ሰው በልቡ ይመላለስ የነበረውን አሳብ ወደ ቃል አውጥቶ፣ ቀን ቈርጦ፣ ምስክር አቁሞ፣ ከዚያም በላይ ባለ ዕዳ ሆኖ ወደ ቤቱ ይመለሳል። እንዲሁ የሚመኝ ሰው ባይሳካለት ያዝናል እንጂ ዕዳ የለበትም፤ የተሳለ ሰው ግን በዓሉ በመጣ ቁጥር ሕሊናው ይጠይቀዋል።

ይህን ስል ግን ብዙዎቻችን ስእለትን ከደላላ ጋር እንደሚደረግ ውል ማድረጋችንን አልሠውርም። ይህን ብታደርግልኝ ይህን አደርግልሃለሁ ብሎ ከፈጣሪ ጋር መከራከር ምን ያህል የተለመደ እንደ ሆነ፣ በክብረ በዓል ቀን ቅጽረ ቤተ ክርስቲያን የቆመ ሁሉ የሰማው ነው። መስፍኑ ዮፍታሔም ድል ባደርግ ከቤቴ አስቀድሞ የሚወጣውን እሠዋለሁ ብሎ ሳይመዝን ተሳለና፣ ከበሮ ይዛ ልትቀበለው የወጣችው አንዲት ልጁ ሆነች። መጽሐፍ ይህን ታሪክ ያኖረልን ለምሳሌነት ሳይሆን ለማስፈራት ይመስለኛል።

በመልካም ምሳሌነት የሚጠቀሰው ነህምያ ነው። በሱሳ ግቢ የንጉሥ ጠጅ አሳላፊ ሆኖ በሚያገለግልበት ጊዜ የኢየሩሳሌም ቅጥር እንደ ፈረሰ ሰምቶ ብዙ ቀን አለቀሰ፣ ጾመ፣ ጸለየ፤ ንጉሡ ምን እንደሚሻ በጠየቀው ጊዜ ግን እንባውን ብቻ ይዞ አልቀረበም፤ የሚመለስበትን ጊዜ ቈርጦ ተናገረ፣ ለየአገረ ገዥው ደብዳቤ ለመነ፣ ለበሮቹ የሚሆን እንጨት እንዲሰጠው ጠየቀ። ከደረሰም በኋላ ያሰበውን ለማንም ሳይነግር ከጥቂት ሰዎች ጋር በሌሊት ወጥቶ የፈረሰውን በዓይኑ መረመረ፤ ከዚያ በኋላ ብዙዎቹን በየቤታቸው ፊት ለፊት ያለውን ክፍል እንዲሠሩ አድርጎ ቅጥሩን በ52 ቀን ፈጸመ። ጸሎቱ ስሌቱን አላስቀረበትም፤ ስሌቱም ጸሎቱን አላስረሳውም። ዛሬ በአንዳንድ መድረክ «በእምነት ተናገር፣ ይሆንልሃል» እየተባለ የሚሰበከው ስብከት፣ የነህምያን እንባ ወስዶ የሌሊቱን ምርመራ የተወ ነው፤ ሰሚው ጭብጨባ ይዞ ይገባል እንጂ እንጨቱን ከማን እንደሚለምን አያውቅም።

ወደ ቡናው እንመለስ፤ ከመድረኩ ይልቅ ዛፉ የሚያስተምረው ይበዛልና። ችግኙ በመደቡ ላይ ወራት ከቆየ በኋላ በክረምት ወደ እርሻው ወጥቶ ሲተከል፣ መጀመሪያ ፍሬ የሚሰጠው በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ዓመት ነው። ከዚህ የሚከብደው ግን ጉንደላ ነው። ብዙ ዓመት ያፈራ ቡና ሲያረጅ ቅርንጫፉ ይረዝማል፣ ፍሬው ይመነምናል፤ የግብርና ባለሙያ የሚመክረው መድኃኒት ግንዱን ከመሬት 30 ወይም 40 ሴንቲ ሜትር ያህል አስቀርቶ፣ ውኃ እንዳይተኛበት በሰያፍ መቍረጥ ነው። ገበሬው ይህን ምክር እየሰማ ዓመታት ያሳልፋል፤ ፍርዱም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ያረጀው ዛፍ ጥቂትም ቢሆን ዘንድሮ ይሰጠዋል፣ የተጐነደለው ግን ሁለት ዓመት ያህል ምንም አይሰጠውም። ስለዚህ አስተዋዩ ሰው እርሻውን በአንድ ጊዜ አይጐነድልም፤ በየዓመቱ አንዱን ክፍል እየቈረጠ በቀረው ይኖራል።

ከጉቶው ዙሪያ የሚወጣው ቡቃያ ብዙ ነው፤ ሁሉም ለምለም ነው፤ ሁሉም ቢተው ግን እርስ በርሱ ተናንቆ አንዱም አያፈራም። ገበሬው ሁለት ወይም ሦስት ብርቱውን መርጦ ሌላውን በእጁ ይነቅላል። ብዙ ሰው ምኞት የሚያንሰው እየመሰለው ሌላ ምኞት ይጨምራል፤ አንዱን ለማሳደግ ዐሥሩን የሚነቅል እጅ የሌለው መሆኑን ግን አያስተውልም። ሱባኤ የሚገቡ ሰዎች ከሰውና ከወሬ ተለይተው፣ ምግባቸውን አሳንሰው የሚሰነብቱት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል፤ የቱ ቡቃያ እንደሚነቀል በግርግር መካከል ሆኖ ለመለየት ያስቸግራልና።

ዕድሜ ሙሉ ስለ ጸና ዓላማ ሲነሣ የሚታወሰኝ ሰው የተወለደው ከዚሁ ከደቡብ ምዕራቡ የቡና ምድር ነው። ከሚዛን በቴፒ፣ በማሻና በጎሬ አልፎ መቱ የደረሰ ሰው ሁሩሙን በአቅራቢያው ያገኛታል፤ በዚያ እ.ኤ.አ. በ1856 ገደማ ሂካ የተባለ ሕፃን ተወለደ። ስሙ በኦሮምኛ ፈቺ፣ ተርጓሚ የሚል ምሥጢር አለው። ገና ልጅ ሳለ የባርያ ፈንጋዮች ከእናቱ ነጥቀውት ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠ ምጽዋ ደረሰ፤ በዚያም ነጻ ወጥቶ በእምኩሉ ከነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባ። በ1872 ሲጠመቅ የወጣለት ስም አናሲሞስ ነበር፤ ሐዋርያው ጳውሎስ ስለ እርሱ ለፊልሞና የጻፈለት የዚያ ባርያ ስም ነው። አናሲሞስ ነሲብ ከዚያች ቀን ወዲህ የያዘው ነገር አንድ ብቻ ሆነ፤ ወደ ተነጠቀበት ሕዝብ ተመልሶ ወንጌልን በገዛ ቋንቋቸው መስጠት።

ስዊድን ሄዶ ተምሮ ተመለሰ፤ በሱዳን በኩል በዓባይ ወንዝ ሸለቆ ሊገባ ሞከረ፣ በሽታና ሁከት መለሱት፤ ደግሞ እንጦጦ ድረስ ደረሰ፣ ፈቃድ አጣ። እንግዲህ በዚህ ስፍራ ላይ ነው ብዙ ሰው ወይ ዓላማውን የሚለውጠው፣ ወይም መንገዱ እስኪከፈት እጁን አጣጥፎ የሚቀመጠው። አናሲሞስ ሁለቱንም አላደረገም። መሄድ ካልተቻለ ይዞት የሚሄደውን ማዘጋጀት ይቻላል ብሎ፣ በእምኩሉ ተቀምጦ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ለመተርጐም ጀመረ።

ከሁሉ የበለጠ የሚደንቀኝ ግን የሚቀጥለው ነው። በልጅነቱ ከአገሩ የተወሰደ ሰው ስለ ነበረ የቋንቋው ሀብት በእጁ ሙሉ አልነበረም፤ ስሙ ተርጓሚ ይሁን እንጂ ቃል ይጐድለው ነበር። ይህን ጕድለት ሳይሸሽግ፣ ከባርያ መርከብ ነጻ የወጣችውን ወጣት አስቴር ጋኖን የሥራው ባልደረባ አደረጋት፤ እርስዋም በሺህ የሚቈጠሩ የኦሮምኛ ቃላት ሰብስባ ለትርጕሙ መሠረት ሆነች። የሁለቱ የንባብ መጽሐፍ በ1894 ታተመ። ሐዲስ ኪዳን በ1893 ታተመ፤ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ በ1899 በስዊዘርላንድ ከማተሚያ ቤት ወጣ። የጐደለውን ከሌላ መቀበል ትሕትና ነው ይባላል፤ እዚህ ግን ትሕትናው የሥራ ዘዴ ነበር፤ ያለ እርሱ መጽሐፉ አይጠናቀቅም።

መንገዱ የተከፈተለት በ1904 ነው፤ ነቀምቴ የገባው አርባ ስምንት ዓመት ያህል ሆኖት፣ ከተጠመቀ 32 ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። በዚያም ተከስሶ፣ ተከልክሎ፣ እንደ ገና ተፈቅዶለት እያስተማረ ኖሮ በ1931 አረፈ። እምነት ዓላማን ያፋጥናል የሚል ሰው ይህን ታሪክ ቢያነብ ምን እንደሚል አላውቅም። የእኔ አስተያየት፣ ለአናሲሞስ እምነቱ የሠራለት ፍጥነት አልነበረም፤ መንገዱ በተዘጋ ቁጥር የዕለቱን ሥራ ሳያጣ እንዲያድር አደረገው።

ይህ ታላቅ ነገር ነው፤ የሸዋ ቤንች ገበሬ ደግሞ የሚያስበው ቆርቆሮ ቤትና የልጁን ትምህርት ቢሆን ነው። ለእርሱም ቢሆን ሰንደቅ ተዘጋጅቶለታል፤ እጅግ የሚጠቅመውም ሰው አክብዶ የማያየው አሥራትና በኵራት ነው። ከሚገኘው ዐሥር አንድ ለማውጣት የፈለገ ሰው አስቀድሞ ያገኘውን ማወቅ አለበት፤ ስንት ኪሎ እሸት ሸጠ፣ ስንት ጀንፈል ደረቀ፣ ለለቃሚ ስንት ወጣ፤ እንግዲህ ሒሳብ ይጽፋል ማለት ነው። ከአሥራቱ በፊት ገቢውን ቈጥሮ የማያውቅ ሰው፣ ለእግዚአብሔር ለመክፈል ብሎ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሱን ሀብት ልክ ያውቃል። ገቢውን ያወቀ ሰው ደግሞ በሐምሌ ጭንቅ ጊዜ፣ ገና በዛፉ ላይ ያለውን ቡና ለነጋዴ በርካሽ አስቀድሞ ለመሸጥ እንዳይገደድ፣ በኅዳር ስንት ማስቀረት እንዳለበት ያያል።

ምስክሩም ሩቅ አይደለም። ኦርቶዶክሳዊው የንስሐ አባት አለው፤ ወንጌላዊው አብሮት የሚጸልይ ወንድም አለው። ሁለቱም ለነቀፋ ሳይሆን እንዲጠይቁ የተቀመጡ ናቸው፤ «አምና ያልኸው ነገር ከምን ደረሰ፣ ልጄ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው እንዳለ ማወቅ ብቻውን አንዱን ብር ከመጠጥ ቤቱ ደጃፍ ይመልሳል። ለነገሩ ጠያቂው ራሱ ከዚያው ደጃፍ የሚገኝበት ጊዜ እንዳለም ሳልሰማ አልቀረሁም።

ልደት ሲደርስ ጾሙ ይፈታል፣ በግ ይታረዳል፣ ሰው ደስ ብሎት ያመሻል። ከጥላው ዛፍ ሥር ግን ዘግይታ የቀላች እሸት ገና በቅርንጫፏ ላይ አለችና፣ ታኅሣሥ 30 ቀን ማለዳ ቅርጫቱ ተመልሶ ይወጣል።