ደንባራ ፈረስ ለማን ይሰጣል?

መጽሐፈ ኢዮብ ፈረስን የሚያመሰግነው ፍርሃትን የሚንቅ፣ መለከት ሲነፋ ወደ ሰልፍ የሚቸኩል እንስሳ አድርጎ ነው፤ ራስ ጉግሣ መርሳ በቈረቈሯት፣ የፈረስ ስማቸው አባ ታጠቅ የነበረው ዐፄ ቴዎድሮስም በተቀመጡባት በደብረ ታቦር፣ ጥር 25 ቀን የቅዱስ መርቆሬዎስ በዓል ሲከበር ጉግስ የሚጫወቱትን ፈረሰኞች ያየ ሰው ይህን ውዳሴ ለመቀበል አይቸገርም። ነገር ግን ከጉና ተራራ ግርጌ አንሥቶ እስከ ጋይንት በተዘረጋው ደጋ ከዚያ ውዳሴ ውጭ የቀረ ሌላ ፈረስም አለ፤ ነፋስ ላስቲክ ባንኮሻኮሸ ቊጥር የሚበረግግ፣ ሰው እጁን ከፍ ሲያደርግ ጆሮውን ወደ ኋላ የሚያስተኛ፣ ገበያ ቢወጣ ገዢ የሚሸሸው፣ ጌታውም «ማን በወሰደልኝ» የሚልለት ነው። የምናስተዋውቀው ይህን ፈረስ ነው።

ፈረስ ቀንድና ጥፍር ያልተሰጠው፣ መዳኛው በሩጫው የሆነ ፍጥረት ስለ ሆነ፣ መፍራት ለእርሱ ነውር ሳይሆን ጠባቂው ነው። ዐይኖቹ በራሱ ግራና ቀኝ ስለ ተተከሉ ዙሪያውን ከሞላ ጎደል ያያል፤ የማያየው ከግንባሩ ፊት ለፊት ያለውን ጥቂት ስፍራና ከጭራው በስተኋላ ያለውን ብቻ ነው፤ ስለዚህ ድምፅ ሳያሰማ ከኋላው የመጣ ሰው እርግጫ ቢደርስበት የፈረሱን ክፋት ከመክሰስ በፊት የራሱን አመጣጥ ቢመረምር ይሻላል። በዚህ የተፈጥሮ ፍርሃት ላይ የሰው እጅ የሚጨምረው ግን ሌላ ነው። ጋሪ ሲጎትት ኖሮ ደረቱና ጀርባው የቈሰለ ፈረስ ዕቃው ሲነሣ ገና ሕመሙን ያስታውሳል፤ በከተማ መንገድ ላይም የባጃጅ ጥሩንባ ሲከተለው «ደንባራ በቅሎ፣ ቃጭል ተጨምሮባት» የተባለው በእርሱ ይፈጸማል። የአገራችን የጥንት ልጓም ደግሞ የታችኛውን መንጋጋ የሚከብ የብረት ቀለበት ያለው በመሆኑ፣ ዛቡን በቊጣ የሚስብ ሰው ሲይዘው አፍን ያቈስላል፤ ከዚያ በኋላ ልጓም ባየ ጊዜ ራሱን ወደ ላይ የሚያነሣውን ፈረስ ባላገሩ ተንኮለኛ ይለዋል፤ እኔ ግን ትዝታው የጸና ነው ብል ይቀለኛል።

እንዲህ ያለው ፈረስ ወደ ሌላ ቤት ይሂድ በተባለ ጊዜ ርኅራኄ ብቻውን ክፉ አማካሪ ይሆናል፤ አዝኖ በነጻ የሚሰጥ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ቀድሞ ለጠየቀው ነውና፣ ቀድሞ የሚጠይቀውም ርካሽ ፈረስ የፈለገ እንጂ ፈረስ የሚያውቅ ላይሆን ይችላል። የጉግስ ጀግና ሁሉ ደግሞ ለዚህ ይሆናል ማለት አይደለም፤ የጉግስ ጥበብ ፈረስን ማነሣሣት ሲሆን ለደንባራ ፈረስ የሚያስፈልገው ጥበብ ማረጋጋት ነው፤ ሁለቱን አስተባብሮ የያዘ ሰው ቢገኝም ጥቂት ነው። በአዊ፣ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በዓሉን ሲያከብር እንደሚታየው፣ ፈረስን ከአባት ለልጅ እያስተላለፈ የሚይዝ ሕዝብ ባለበት አገር የሚፈለገውን ሰው ከሽማግሎች መካከል ጠይቆ ማግኘት አይገድም። ከዛሬ 2,400 ዓመት ገደማ በፊት የነበረው ግሪካዊው ክሴኖፎን ስለ ፈረስ አያያዝ በጻፈው መጽሐፍ ወደ ፈረስ በቊጣ መቅረብን ከልክሎ፣ የሚያስፈራውን ነገር አስቀድሞ ሰውየው ራሱ በእጁ እንዲነካና ፈረሱን በለዘብታ እንዲያቀርበው መክሯል፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ የተጨመረ ነገር ያለ አይመስለኝም።

ርኅራኄ ከዕውቀት ጋራ ሲጋጠም ምን እንደሚያደርግ በካይሮ ታይቷል። ዶሮቲ ብሩክ የተባለች የእንግሊዝ ጄኔራል ሚስት በ1930 እ.ኤ.አ. ወደዚያ በሄደች ጊዜ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ያገለገሉ የሠራዊት ፈረሶች ተሸጠው በሸክምና በጋሪ ሥራ አርጅተው አገኘች፤ በሚቀጥለው ዓመት ለጋዜጣ በጻፈችው ደብዳቤ ገንዘብ ሰብስባ 5,000 ያህል ገዛች፣ በ1934 እ.ኤ.አ. ሆስፒታል አቆመች። ከገዛቻቸው የሚበዙት ግን ከመድከማቸው የተነሣ በሰላም እንዲሞቱ ተደረገ እንጂ ለሌላ ጌታ አልተሰጡም። ይህ ለብዙ ሰው ጭካኔ ይመስላል፤ መዳን የማይችለውን እንስሳ ከእጅ ወደ እጅ ማዘዋወር ግን ከዚህ የባሰ ይመስለኛል። በስሟ የተጠራው ድርጅት ዛሬ በኢትዮጵያም ይሠራል።

እንግዲህ ፈረሱ ሊድን የሚችል ከሆነ፣ ተቀባዩ ከመውሰዱ በፊት ደጋግሞ ወደ ሰጪው ጋጥ ይምጣ፤ ገብስና ድርቆሽ በእጁ ይስጠው፣ ከትከሻው በኩል እየተናገረ ይቅረበው፣ ሰኮናውን ለማንሣት አይቸኩል። በሚሄድበትም ቀን፣ ፈረስ ብቻውን መሆንን የሚፈራ የመንጋ እንስሳ ነውና፣ የረጋ ጓደኛ ፈረስ ከፊቱ ቢሄድለት መልካም ነው፤ ኮርቻም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ባይጫንበት ይሻላል። በደጋው አገር ፈረስን ውኃ የሚያጠጣው አብዛኛውን ጊዜ ልጅ ስለ ሆነ፣ «ይህን ፈረስ ልጅ አይያዘው» የሚለው ቃል በግልጥ መነገር አለበት። ሰጪውም ፈረሱ ምን እንደሚያስፈራው፣ ማንን እንደ ረገጠ፣ የት እንደ ቈሰለ ለምስክር በሚሆኑ ሽማግሎች ፊት አንድ ሳያስቀር ይናገር፤ በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ እንስሳው አምልጦ ለሚያደርሰው ጉዳት እንኳ ባለቤቱን ኃላፊ ስለሚያደርገው፣ የፈረሱን ዐመል ደብቆ የሚሰጥ ሰው ዕዳን ባላወቀው ሰው ትከሻ ላይ ያሳርፋል። ተቀባዩ ያልቻለው እንደ ሆነም፣ ፈረሱ ወደ ገበያ ሳይወጣ ወደ ሰጪው እንዲመለስ በዚያው ጉባኤ ቃል ይያዛል።