የመኪና ሬዲዮ ድምፅ ለምን ይደክማል?



ከሸዋ ሮቢት ተነሥቶ በደብረ ሲና በኩል ወደ ደብረ ብርሃን የወጣ ሰው ሁሉ ጣርማ በርን ያውቀዋል። ከፍታው 1,300 ሜትር ገደማ ከሆነው ከይፋት ቆላ ተነሥቶ፣ 50 ኪሎ ሜትር ባልሞላ መንገድ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል። በጉም መካከልም ኢጣልያኖች በወረራው ዘመን ባስቈፈሩት፣ ርዝመቱ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በሚበልጠው ዋሻ ያልፋል። አጎቴ በዚህ መንገድ ላይ ሚኒባስ ያሽከረክራሉ፤ እኔም ትምህርት በሌለ ቀን ረዳት ሆኜ አብሬያቸው እሄዳለሁ። ዛሬ የምጽፍላችሁ በዚሁ መኪና ላይ ስላየሁት ነገር ነው።

ባለፈው ክረምት፣ ሾፌሮች ቴፕ የሚሉት የመኪናው ሬዲዮ ድምፁ ይደክም ጀመር። ቀን በቆላው ደኅና ይሰማል፤ ዋሻው ዘንድ ደርሰን መብራት ሲበራ ግን ይሻክርና ይሰንፋል። አጎቴም በዚያ በገደሉ አፋፍ አንድ እጃቸውን ከመሪው አንሥተው የድምፁን ቍልፍ ያዞሩ ነበር። አንድ ባለሙያ አይቶ፣ «ቴፑ ሞቷል፤ አዲስ ይግዙ» አላቸው። ለግዢው የታሰበው ገንዘብ ደግሞ ለእኛ ደብተርና የደንብ ልብስ የተቀመጠው ነበር።

«ጋሼ፣ ገንዘቡን ከማውጣትዎ በፊት አንድ ቀን ይስጡኝ» ብዬ ለመንኋቸው። ሣቅ ብለው፣ «እስቲ የተማርኸውን አሳየን» አሉኝ። እኔም ከፊዚክስ መምህራችን ቴስተር ተውሼ፣ ከቀላሉ ወደ ከባዱ በተራ መመርመር ጀመርሁ። ተራውም እንደሚከተለው ነው።

በመጀመሪያ የራስን ጆሮ መመርመር ይገባል። ከጣርማ በር ወደ ሸዋ ሮቢት ስንወርድ የአየሩ ግፊት ሩብ ያህል ይጨምራል። ከጆሮ ታምቡር በስተ ውስጥ ያለው አየር ቶሎ ስለማይስተካከል ታምቡሩ ወደ ውስጥ ይገፋል፤ ድምፅም ሁሉ የታፈነ ይመስላል። ይህ የቴፑ ጥፋት አይደለም። ምራቅ መዋጥ ወይም ቈሎ መቈርጠም ይበቃል።

ሁለተኛው የሬዲዮ ማዕበሉ ነው። የኤፍ ኤም ማዕበል እንደ ብርሃን ቀጥ ብሎ ወደ መሄድ ስለሚያደላ ተራራ ይጋርደዋል፤ በዋሻም ውስጥ ይዳከማል። ይህንን ለመለየት ከፍላሽ ዲስክ ማጫወት ነው። ከፍላሽ የሚመጣው ጥርት ብሎ ከተሰማ ቴፑ ጤነኛ ነው። በእኛ መኪና ግን ፍላሹም ቢሆን መብራት ሲበራ ይሻክር ነበር።

ሦስተኛው የድምፁ ምንጭና ማስተካከያው ነው። ከእጅ ስልክ የሚያጫውት ሰው የስልኩን ድምፅ ዝቅ አድርጎት ይሆናል። ድምፁን ወደ ግራና ቀኝ፣ ወደ ፊትና ኋላ የሚያካፍለው ማስተካከያም ወደ አንድ ወገን አድልቶ ሊገኝ ይችላል።

አራተኛው ስፒከሩ ነው። አንዱ ወገን ብቻ ከደከመ፣ ቴፑን አጥፍቶ የግራውንና የቀኙን ስፒከር ሽቦዎች ከቴፑ ዘንድ ማለዋወጥ ነው። ድካሙ በዚያው ስፒከር ላይ ከቀረ ጥፋቱ የስፒከሩ ወይም የሽቦው ነው፤ ወደ ሌላው ስፒከር ከተዛወረ ግን የቴፑ ነው። እንዲሁም የአንዱ ስፒከር ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ተገላብጦ ከታሰረ፣ አንዱ አየሩን ሲገፋ ሌላው ስለሚስብ ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋል።

አምስተኛው ኤሌክትሪኩ ነው፤ የእኛም ነገር የተገኘው በዚህ ነው። ሞተሩ ሠርቶ መብራቱ በርቶ ሳለ፣ ከባትሪው ላይ ስለካ 14.1 ቮልት ሆነ። ከቴፑ ላይ ግን 11.5 ብቻ ነበር። 2.6 ቮልት በመንገድ ቀረ ማለት ነው። የቴስተሩን አንድ ጫፍ ከቴፑ አካል፣ ሌላውን ከባትሪው ኔጋቲቭ ባገናኝ 2.4 ቮልት አነበብሁ። ይህ ቍጥር ወደ ዜሮ መቅረብ ነበረበት። ስለዚህ ጥፋቱ በማሳው መንገድ ላይ ነበር። ሽቦውን ተከትዬ ብሄድ፣ ባትሪውን ከመኪናው አካል የሚያገናኘው ሽቦ ብሎኑ ላልቶ፣ ጫፉም ዝጎ አገኘሁት።

መብራት ሲበራ ብቻ ለምን ይብሳል? መልሱ በክፍል የተማርነው የኦም ሕግ ነው። የዛገው መጋጠሚያ 0.2 ኦም ያህል ይቃወም ነበር። ቴፑ ብቻ ሲሠራ 2 አምፔር ቢያልፍ የሚጠፋው 0.4 ቮልት ነው፤ ይህ በጆሮ አይታወቅም። የፊት መብራቶች ሲጨመሩ ግን 12 አምፔር ያልፋል፤ 12 በ0.2 ሲባዛ 2.4 ቮልት ይሆናል። ቴፑ ሊያወጣ የሚችለው ከፍተኛ ኀይል ከቮልቱ ካሬ ጋር ስለሚሄድ፣ ከሦስት እጅ አንዱን ያህል ያጣል። ቍልፉን ቢያዞሩት ድምፁ ይሻክራል እንጂ አያድግም።

ከዚህም የባሰ ነገር አለ። 12 በ12፣ እንደ ገና በ0.2 ሲባዛ 29 ዋት ገደማ ሙቀት ይሆናል፤ ይህም ሁሉ በአንዲት ብሎን ላይ ነው። መብራቶቹም በዚያው ማሳ ስለሚመለሱ እነርሱም ደብዝዘው ኖረዋል። እኛ የዘፈኑን መድከም ስናወራ፣ መኪናው በጣርማ በር ጉም ውስጥ በግማሽ ዐይን ይሄድ ነበር ማለት ነው።

ሞተሩን አጥፍተን፣ በመጀመሪያ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፈትተን፣ መጋጠሚያውን በብርጭቆ ወረቀት ጠርገን አጥብቀን አሰርነው፤ ዝገት እንዳይመለስም ቫዝሊን ቀባነው። በሚቀጥለው ቀን ዋሻው ዘንድ ስንደርስ አጎቴ መብራቱን አብርተው የግድግዳውን ድንጋይ ተመለከቱ። ቴፑን አጠፉትና፣ «ይህን ያህል ያበራ ነበር እንዴ?» አሉ። እስከ ደብረ ብርሃን ድረስም ቴፑን አልከፈቱትም።

እንግዲህ ወላጆችና ጓደኞቼ፣ የደከመ ድምፅ ስትሰሙ ወደ ገበያ ከመሮጣችሁ በፊት፣ መብራት ሲበራ ይብስ እንደ ሆነ ተመልከቱ። የሚብስ ከሆነ ባትሪውንና ማሳውን አስመርምሩ። ቴፑን በመንገድ ላይ የሚነካካውም ረዳቱ ይሁን፤ የሾፌሩ እጅ ከመሪው አይነሣ።