ጀልባና ሞተር በአንድ ምሽት፦ የሳይጎን የማታ ጉብኝት እንዴት ይሠራል?

ቲክቶክ ላይ አይታችሁት ይሆናል። ሞተር ላይ ከኋላ የተቀመጠች ቱሪስት አንድ እጇን ዘርግታ ትስቃለች። በግራ ሞተር፣ በቀኝ ሞተር፣ ከፊት ሞተር፣ ከኋላ ሞተር። ከዛ ቪዲዮው ይቆረጥና ጀልባ ላይ ትታያለች፤ ከጀርባዋ መብራት በመብራት የሆኑ ፎቆች። ቦታው ቬትናም፣ ሆ ቺ ሚን ከተማ ነው። የድሮ ስሟ ሳይጎን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1976 ስሟ ተቀየረ እንጂ የከተማው ሰው በወሬው ዛሬም ሳይጎን ነው የሚላት። እኛም እንደዛው እንጥራት።

ነገሩ ሲታይ ቀላል ነው፤ ጀልባ እና ሞተር። ግን ይሄ ጉብኝት ለምን እዛ ተፈጠረ? ብሩ ወደማን ይሄዳል? ብትወድቁስ ማን ያሳክማችኋል? ይሄ ሁሉ ቪዲዮው ውስጥ የለም።

አካሄዱ ከድርጅት ድርጅት ትንሽ ይለያያል እንጂ መሠረቱ አንድ ነው። 11 ሰዓት አካባቢ (በኛ አቆጣጠር ነው፣ እነሱ 5 ሰዓት ይሉታል) ነጂው ካረፋችሁበት ሆቴል በር ላይ ሄልሜት ይዞ ይጠብቃችኋል። ለአንድ ሰው አንድ ሞተር። እናንተ አትነዱም፤ ከኋላ ነው የምትቀመጡት። ከተማውን ትዞራላችሁ፣ መሀል ላይ ሁለት ሦስት ቦታ ወርዳችሁ ትበላላችሁ፣ ከዛ ወንዙ ዳር ደርሳችሁ ጀልባ ትሳፈራላችሁ። አንዳንዱ ፀሐይ ስትጠልቅ ውሃ ላይ እንድትሆኑ ብሎ ጀልባውን ያስቀድማል። ሳይጎን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች እንደኛው አገር ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት አካባቢ ይመሻል፤ ስለዚህ ፕሮግራሙ ከወር ወር ብዙ አይቀያየርም። የሚያስቸግረው ዝናቡ ነው። ከግንቦት እስከ ኅዳር ከሰዓት በኋላ ዶፍ ይወርዳል። ነጂዎቹ ግን የዝናብ ልብስ ከኮርቻው ስር አይጠፋቸውም፤ ያለብሷችሁና ጉዞው ይቀጥላል።

ለምን ሞተር? ለቱሪስት ተብሎ የተፈለሰፈ ነገር እንዳይመስላችሁ። ከተማዋ ራሷ በሞተር ነው የምትኖረው። ሳይጎን ውስጥ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሞተር አለ። ልጅ ትምህርት ቤት የሚደርሰው በሞተር ነው፣ ፍሪጅ የሚጓጓዘው በሞተር ነው፣ ፍቅረኛሞች የሚያወሩት የቆመ ሞተር ላይ ተቀምጠው ነው። እኛ ባለሦስት እግሩን ሁሉ፣ ማንም ይሥራው ማን፣ “ባጃጅ” እንደምንለው፣ በደቡብ ቬትናም ደግሞ በተለይ የቆዩት ሰዎች ሞተርን ሁሉ “ሆንዳ” ይሉታል። የሞተር ታክሲ ደግሞ “ሴ ኦም” ይባላል። ሴ ተሽከርካሪ ነው፣ ኦም ማቀፍ ነው። ነጂውን ከኋላ አቅፋችሁ ስለምትሄዱ።

ከዚህ ሌላ ዋናው ምክንያት የሰፈሮቹ አሠራር ነው። ከሰፊዎቹ ጎዳናዎች ጀርባ “ሄም” የሚባሉ ቀጫጭን መንገዶች አሉ፤ አንዳንዱ ሁለት ሞተር እንኳን ተጠጋግቶ ነው የሚተላለፍበት። ሰው በብዛት የሚኖረው እዛ ውስጥ ነው። ሾርባ የሚሸጠው፣ ፀጉር የሚቆረጠው፣ አያት የልጅ ልጇን የምታበላው እዛ ነው። የቱሪስት አውቶቡስ እዛ አይገባም። አውቶቡስ የሚያሳያችሁ በፈረንሳዮች ዘመን የተሠራውን ፖስታ ቤት (1891) እና የቤን ታን ገበያን (1914) ነው። ሞተር ግን ሄሙ ውስጥ ያስገባችኋል። ጉብኝቱ በትክክል የሚሸጠው ይሄንን ነው ብዬ አስባለሁ፤ መኪና የማይገባበትን ከተማ።

ከሚቆምባቸው ቦታዎች አንዱ መስቀለኛ መንገድ ዳር ያለ ሐውልት ነው። መነኩሴው ቲክ ኳንግ ዱክ እ.ኤ.አ. ሰኔ 11 ቀን 1963፣ የንጎ ዲን ዲየም መንግሥት በቡዲስቶች ላይ የሚያደርሰውን ጫና በመቃወም፣ እዛው አካባቢ መንገድ ላይ ተቀምጦ ራሱን በእሳት ያቃጠለበት ነው። ፎቶው ዓለምን ዞሯል፣ ምናልባት እናንተም አይታችሁታል። ዛሬ በዚያ መንገድ በየደቂቃው መቶ ሞተር ያልፋል። ከዛ ሌሊቱን ሙሉ የሚሠራው የሆ ቲ ኪ የአበባ ገበያ አለ። ምግቡ ደግሞ ብዙ ጊዜ ድሮ “ዲስትሪክት 4” የሚባለው ሰፈር ነው። ያ ሰፈር በአንድ ወቅት በወንበዴ የሚፈራ ነበር፤ አሁን ቪን ካን የሚባለው መንገዱ በቀንድ አውጣና በባሕር ምግብ የታወቀ ነው።

(ጾመኞች፣ ይሄ ለእናንተ ነው። “ቻይ” የሚል ጽሑፍ ያለበት ቤት ሥጋም ዓሣም የሌለበት የቡዲስቶች ምግብ ቤት ነው። እነሱም በጨረቃ አቆጣጠር ወር በገባ በ1 እና በ15 ብዙዎቹ ሥጋ አይበሉም። ሌላ ቦታ ስትበሉ ግን አትክልቱ ላይ ሳይቀር የዓሣ ሶስ እንደሚገባ እወቁ። የአሳማ ሥጋም በየቦታው ስላለ ቻይ ለሙስሊም ተጓዥም ይጠቅማል።)

ወደ ወንዙ እንምጣ። ሞተር ላይ ሆናችሁ ከተማውን በቅርብ ነው የምታዩት፤ ክርን ለክርን፣ ጭስ ለጭስ። ጠቅላላ መልኩን አታዩትም። ወንዙ እሱን ነው የሚሰጣችሁ። ከመሀል ከተማ፣ ባክ ዳንግ ከሚባለው ወደብ ተነስታችሁ ወደ ላይ ስትጓዙ በግራ 262 ሜትር ከፍታ ያለው የቢቴክስኮ ፎቅ ወደኋላ ይቀራል፤ በ2022 የተከፈተው የባ ሶን ድልድይ ስር ታልፋላችሁ፣ ከዛ ከሩቅ ላንድማርክ 81 ይመጣል። 461 ሜትር ነው፣ የቬትናም ረጅሙ ሕንፃ።

በቀኝ በኩል ግን ጨለማ ይበዛል። ቱ ቲየም ይባላል። ለዓመታት ከመሀል ከተማው ፊት ለፊት፣ ወንዙን ብቻ ተሻግሮ፣ ረግረግና የድሃ ቤቶች የነበረበት ነው። አዲስ የንግድ ማዕከል ይሠራበታል ተብሎ ወደ 15 ሺህ የሚጠጉ ቤተሰቦች ተነሱ። ብዙዎቹ ካሳው አነሰን፣ ቤታችን ከፕላኑ ውጭ ነበር ብለው ከ10 ዓመት በላይ አቤት ሲሉ ኖሩ። በ2018 የአገሪቱ መንግሥት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት 4.3 ሄክታር የሚሆነው መሬት በእርግጥም ከፕላኑ ውጭ እንደነበር አመነ። እዛ ቦታ ላይ አሁን ፓርክና አንዳንድ ሕንፃ አለ፣ የቀረው ሰፊ ባዶ መሬት ነው። ጀልባው ላይ በድምፅ ማጉያ ስለ ላንድማርክ 81 ይነገራችኋል። ስለዚህኛው ዳርቻ ካልጠየቃችሁ የሚነግራችሁ ብዙ የለም። የፒያሳን መፍረስ ላየ የአዲስ አበባ ልጅ ደግሞ መጀመሪያ የሚመጣበት ጥያቄ ይሄ ነው፤ እዚህ የነበሩት ሰዎች የት ሄዱ?

ሌላም የምንጋራው ነገር አለ። ንዩ ሎክ የሚባል 9 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ቦይ ከተማውን አቋርጦ ወደዚሁ ወንዝ ይገባል። ከ20 እና 30 ዓመት በፊት ጥቁር ፍሳሽ ነበር፤ ዳር ዳሩን በእንጨት የቆሙ ቤቶች፣ ከስር ቆሻሻ። አፍንጫ ሳይያዝ አይታለፍም ነበር። በዓለም ባንክ ብድር ጭምር ከ2002 እስከ 2012 በቆየ ሥራ ፍሳሹ በቱቦ ተለየ፣ ደለሉ ወጣ፣ በሁለቱም ዳር መንገድና ዛፍ ተሠራ። በ2015 የመዝናኛ ጀልባ ገባበት። የማታ ሞተሮቹም ብዙ ጊዜ በዚሁ ዳር ያልፋሉ። አለቀ እንዳትሉ። በ2016 ግንቦት፣ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ቆሻሻውን ጠርጎ ሲያስገባው 70 ቶን የሚሆን ዓሣ ሞቶ ውሃው ላይ ተንሳፈፈ። ዳሩን ማስዋብና ውሃውን ማጽዳት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። እኛም የወንዝ ዳርቻ ልማት ፎቶ ስናይ መጠየቅ ያለብን ቱቦው የት ነው ብለን ነው።

አሁን ስለ ብር። የሞተር የማታ ጉብኝት ብቻውን ብዙውን ጊዜ ከ30 ዶላር አካባቢ ይጀምራል፤ ጀልባና እራት ሲጨመርበት ይወጣል። ኦንላይን ከገዛችሁት መሸጫው ድረ ገጽ ኮሚሽኑን ይቆርጣል፣ ከዛ አዘጋጁ ድርጅት፣ ከዛ ነው ነጂው። ብዙዎቹ ነጂዎች እንግሊዝኛ የሚለማመዱ ተማሪዎችና ወጣቶች ናቸው፤ በጉዞ ቁጥር ነው የሚከፈላቸው፣ ሞተሩም ብዙ ጊዜ የራሳቸው ነው። ስለዚህ ቲፕ የምትሰጡ ከሆነ በእጁ ስጡት።

በርካሹም ይሆናል። ሳይጎን ከኅዳር 2017 ጀምሮ የሕዝብ ማመላለሻ ጀልባ አላት፤ የውሃ አውቶቡስ ይሉታል። ከባክ ዳንግ እስከ ሊን ዶንግ 10.8 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ሲጀምር ቲኬቱ 15 ሺህ ዶንግ ነበር፤ ወደ 60 የአሜሪካ ሳንቲም ማለት ነው። የምታዩት ያንኑ ላንድማርክ፣ ያንኑ ድልድይ ነው፤ እራትና ሙዚቃ ብቻ ነው የሌለው። ሞተሩን ደግሞ በግራብ ወይም በሌላ አፕ ትጠራላችሁ። የሚጎድልባችሁ የሚተርክላችሁና ሄሙ ውስጥ ይዟችሁ የሚገባ ሰው ነው። የመጀመሪያ ቀናችሁ ከሆነ ለነጂ አስጎብኚው ከፍላችሁ ጀልባውን በራሳችሁ ብታደርጉት ይሻላል ባይ ነኝ። ውዱ ጀልባ ዋጋውን አያወጣም።

ስለ አደጋ ደግሞ በግልጽ እናውራ። ቬትናም ውስጥ ከታኅሣሥ 15 ቀን 2007 ጀምሮ ሄልሜት ለነጂም ለተሳፋሪም ግዴታ ነው። የሚሰጧችሁ ሄልሜት ማሰሪያው ከላላ ወይም እንደ ኮፍያ ቀጭን ከሆነ ሌላ ጠይቁ፤ ማፈር የለም። ከ2020 ወዲህ ደግሞ ለነጂ የሚፈቀደው አልኮል ዜሮ ነው፤ አንድ ቢራም አይቻልም። የእራቱ ቢራ ለእናንተ እንጂ ለሱ አይደለም። ሲጠጣ ካያችሁት ውረዱና በአፕ መኪና ጥሩ። ስትወጡና ስትወርዱ ከግራ በኩል ይሁን፤ የጭስ ማውጫው በቀኝ ነው፣ ባት ያቃጥላል። ብዙ ቱሪስት ይሄንን ጠባሳ ይዞ ስለሚመለስ “የሳይጎን መሳም” የሚል ስም ወጥቶለታል።

ትልቁ ጉዳይ ኢንሹራንስ ነው። ራሳችሁ ሞተር ተከራይታችሁ ከነዳችሁ፣ ከ50 ሲሲ በላይ ላለው እዛ አገር የሚሠራ የሞተር መንጃ ፈቃድ ያስፈልጋል። አከራዩ አይጠይቃችሁም። ፖሊስና የኢንሹራንስ ድርጅት ግን ይጠይቃሉ። ያለ ፈቃድ ነድቶ የተሰበረ ሰው ብዙ ጊዜ የጉዞ ኢንሹራንሱ አይከፍልለትም። ከኋላ የሚቀመጥ ሰው የተሻለ ቦታ ላይ ነው፤ እሱም ቢሆን ውሉ ላይ “ሞተርሳይክል” የሚለውን ቃል ፈልጉና አንብቡ። አዘጋጁንም ከመክፈላችሁ በፊት በጽሑፍ ጠይቁት፦ ተሳፋሪ ቢጎዳ ማን ይከፍላል? መልስ ካልሰጠ መልሱን አግኝታችኋል።

መሄድ ለምታስቡ፣ ቬትናም ከነሐሴ 2023 ጀምሮ ለሁሉም አገር ዜጎች እስከ 90 ቀን የሚያገለግል ኢቪዛ ትሰጣለች፤ ለአንድ ጊዜ መግቢያ 25 ዶላር። የኢትዮጵያ አየር መንገድም ከሐምሌ 2025 ወዲህ ሃኖይ ይበራል፤ ከሃኖይ ሳይጎን ሁለት ሰዓት ያህል በአውሮፕላን ነው።

አንድ የሚቀየር ነገር ግን እየመጣ ነው። በሐምሌ 2025 የቬትናም ጠቅላይ ሚኒስትር ባወጡት መመሪያ ሃኖይ ከሐምሌ 2026 ጀምሮ በነዳጅ የሚሄዱ ሞተሮችን ከመሀል ከተማዋ እንድታስወጣ ታዘዘች። ሳይጎንም በአፕ ሰውና ዕቃ የሚያመላልሱ ወደ 400 ሺህ የሚጠጉ ሞተሮችን ወደ ኤሌክትሪክ የመቀየር ዕቅድ አውጥታለች። የነዳጅ መኪና እንዳይገባ በ2024 ለከለከለች አገር ልጅ ይሄ እንግዳ ወሬ አይደለም። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ሞተርን ከመንገድ ስታስወጣ ምክንያቷ ስርቆትና ወንጀል ነበር፤ የነሱ ምክንያት ጭሱ ነው። በሁለቱም ከተማ ግን ቀድሞ የሚነካው በሞተሩ እንጀራ የሚበላው ልጅ ነው።

ለጉብኝቱ የኤሌክትሪክ ሞተር ይስማማዋል። ድምፅ የለውም፣ ነጂው ሳይጮህ ሊተርክላችሁ ይችላል፣ ሄም ውስጥ የተኛ ሕፃን አይቀሰቅስም። ችግሩ ነጂው ያለው የቆየ ሆንዳ መሆኑ ነው። እሱን ሸጦ አዲስ ለመግዛት፣ ገዢውም ቢሆን ነገ የሚከለከል ሞተር በስንት ይወስድለታል? ቻርጅ የሚያደርግበትስ የት ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተከራይቶ የሚኖር ተማሪ ባትሪውን በየማታው ተሸክሞ ይወጣል? ከተማዋ አሁን የምትከራከረው በድጎማው መጠንና በቻርጅ ጣቢያዎቹ ላይ ነው።